ዳንቴል የለበሰው ቴፕ

ዛሬ ረፋዱ ላይ ሞጣ፣ ልጄ ቤት ሳሎን ውስጥ የልጅ ልጄን ታቅፌ ተቀምጬ ሳለ ከውስጠኛው ክፍል የስፕሪት ሽታ ሽው አለኝ። ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፤ ቢሆንም ዕድሜ ልኩን መርፌ ሲወጋ የኖረ ሰው ይህን ሽታ የሚረሳው ሲቀበር ነው። መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ የተጎዳ ሰው አለ የሚል ነበር፤ እጄ ሳላዝዘው ጥጥ ፈለገ። ቀና ስል ግን የክፍሉ በር ገርበብ ብሏል፤ ከበሩ ወዲያ የልጄ ባል ጠረጴዛ ላይ አጎንብሷል። ያኔ ነገሩ ገባኝ። ስፕሪት የሚሸተው ቁስል የሚታጠብበት ቤት ብቻ አይደለም፤ ካሴት የሚወድ ሰው ያለበት ቤትም ይሸታል። የቴፕ ጭንቅላት ከጥንትም የሚጸዳው በጥጥና በስፕሪት ነው። ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አድርጌ ሕፃኑን ማየት ጀመርኩ። ሕፃኑ ተኝቶ ነበር፤ የሚታይ ነገር አልነበረውም፤ እኔ ግን የማይበት ቦታ አጥቼ ነው።

ካሴትና ስፕሪትን አንድ ላይ ያወቅኳቸው ከመርጡለ ማርያም ወጥቼ፣ ነርስነት ተምሬ፣ ብቸና በተመደብኩበት ዘመን ነው። ዓመተ ምሕረቱን አልናገርም፤ የሰው ዕድሜ ማስላት የሚወዱ አሉ። አፍሮዬ ግን ከእኔ ቀድሞ በጤና ጣቢያው በር ይገባ እንደነበር አስታውሳለሁ። የነርስ ቆቡን አናቱ ላይ በመርፌ ቁልፍ ሰክቼ ስሄድ ኀላፊያችን፣ ሲስተር ሙሉነሽ፣ ቆቡ ራስሽ ላይ ነው ወይስ ተራራ ላይ እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ከነጩ ጋዎን ሥር የሚወጣው ቤልቦተም ሱሪዬ የግቢውን አቧራ ስለሚጠርግ ጥበቃው አንድ ቀን ደመወዜን ላካፍልሽ ብሎኛል። ተረብ የለመድኩት ያኔ ነው። መልስ ሳልሰጥ አልፌ አላውቅም፤ የተናገረኝን ሰው ሳላስቅበት ምሳ አይበላልኝም ነበር። እናቴ፣ ምላስሽ አንድ ቀን ከሰው ቤት ያስወጣሻል ትለኝ ነበር። እሷ እንዳለችው ግን ከሰው ቤት አላስወጣኝም፤ በገዛ ቤቴ ጓዳ ውስጥ አስገብቶ ቆለፈብኝ እንጂ።

ከመናኸሪያው ወደ ጊዮርጊስ በሚወስደው መንገድ ማዕዘን ላይ ጋሽ ደምሴ የሚባሉ ሰው ካሴት ቤት ነበራቸው። በሩ ላይ የሰቀሉት ድምፅ ማጉያ ገበያተኛውን ሁሉ ያቆመው ነበር፤ አህያ ጭምር ይቆማል ይባል ነበር። የተቀዳ ካሴት አምስት ብር፣ ባዶውን ይዞ ለመጣ ደግሞ ቅጂው ሁለት ብር። ሻይ በዐሥር ሳንቲም በሚጠጣበት ዘመን ሁለት ብር ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ወጣቱ ግን ቴትሮን ሸሚዙን ለብሶ፣ ፀጉሩን ቅባት አስጠጥቶ፣ ቅዳሜ ከሰዓት እዚያ ማዕዘን ላይ ካልቆመ የኖረ አይመስለውም ነበር። ጋሽ ደምሴ ለሚቀዱት ካሴት ሁሉ መጀመሪያ ላይ የራሳቸውን ድምፅ ያስገቡ ነበር። ጉሮሯቸውን ይጠርጉና፣ ውድ ደንበኛዬ፣ ይህን ካሴት ጥራቱን ጠብቄ የቀዳሁልዎ እኔ ደምሴ ነኝ፣ እባክዎ ለሰው አያውሱ ይላሉ። ማንም ሰምቷቸው አያውቅም። የብቸና ካሴት በውሰት መርጡለ ማርያም ደርሶ፣ ደጀን ወርዶ፣ የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ የሚመለስ ነበር።

ዕቁብ ሲደርሰኝ ጓደኞቼ የወርቅ ጉትቻ እንድገዛ መከሩኝ፤ እኔ ቴፕ አስመጣሁ። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ከአዲስ አበባ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ያን የዓባይ በረሃ ቁልቁለትና ዳገት ጭኑ ላይ አስቀምጦ ነው ያመጣልኝ። መብራት በሌለበት ምሽት በባትሪ ድንጋይ እንሰማው ነበር። ድንጋዩ ሲደክም ዘፋኙም አብሮ ይደክማል፤ ያን ጊዜ ድንጋዮቹን ፀሐይ ላይ እናሰጣቸዋለን፤ ጥቂት ነክሰንም እንመልሳቸዋለን፤ ለአንድ ዘፈን ያህል ነፍስ ይዘራሉ። ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ መምህር ነበር፤ ያገባኋት ለቴፗ ብዬ ነው እያለ ሰው ፊት ይናገር ነበር። እሱ ካረፈ በኋላ ጥቂት ዘመን ሰማሁት። ከዚያ የውስጡ ላስቲክ ላላና ቴፑ ዝም አለ። የሚጠግን ጠፋ። ዝም ያለ ቴፕ ሰው እያየ፣ አይሠራም እንዴ እያለ እንዳይጠይቀኝ በእጄ የሠራሁትን ነጭ ዳንቴል አለበስኩትና ሳሎኔ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። እንዳይነካብኝ ልጄንም ተቆጥቻታለሁ።

ጡረታ ስወጣ ልጄ ትዕግሥት ዘመናዊ ስልክ ላከችልኝ። ስልኩን ስነካካ አንድ ግሩፕ ውስጥ ገባሁ። ስሙ «ካሴት አይሞትም» ይላል። የከፈተው ሸክላ በሚል ስም የሚጽፍ፣ ደጀን ላይ አልጋ ቤት ያለው ሰው ነው። በእውነተኛ ስሙ የሚጠራ የለም፤ እኔም ባትሪ ድንጋይ ተባልኩ። ሥራቸው አሮጌ ካሴት እየቀዱ መላላክና መሰዳደብ ነው። ስድባቸው ግን እንዴት ያለ ስድብ ነው! ሸክላ አንድ ቀን የቴፑን ጭንቅላት ስፕሪት ቢያጣ በአረቄ ማጽዳቱን ተናገረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ችሎት የሚሉት ነገር አላቸው፤ ካሴት ላይ በደል የፈጸመ ሰው ይከሰሳል፣ እንደ ጥንቱ ሙግት ተጠየቅ ተብሎ ይሟገታል፣ ይፈረድበታል። ሸክላ ተከሰሰ። እኔ ገና አዲስ ነበርኩ፤ አልቻልኩምና፣ አረቄው ለቴፕ ከተሰጠ ባለቤቱ ለአንድ ሳምንት ከአረቄ ይከልከል፣ ቴፑም አልጋ ይያዝለት ብዬ ጻፍኩ። የሳቅ ምልክት እንደ በረዶ ወረደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳኛ አደረጉኝ። ሁሉም አንተ ይሉኛል፤ ወንድ መስያቸዋለሁ። እኔም አላረምኳቸውም። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ሲስተር፣ እማማ፣ እርስዎ ከመባል በቀር አንተም አንቺም የሚለኝ ጠፍቶ ስለነበር ጣፈጠኝ።

ከሁሉም የምወደው እስክሪብቶ የሚባለውን ነበር። መብራት ሲጠፋ ካሴት በእስክሪብቶ እየተሽከረከረ ይጠነጠን የለ? ስሙ ከዚያ የመጣ ነው። ያደገው ድሬዳዋ ነው፤ ኑሮው ግን ጎጃም ውስጥ እንደሆነ ተናግሯል። የድሬ ልጅ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ሽማግሌ አይል፣ ባለሥልጣን አይል፣ አንተ ነው፤ አቦ ተወና ነው። እኔ እወጋዋለሁ፣ እሱ ይመልሳል፣ ሌላው ይስቃል። ያ የላላ ላስቲክ ነገር ሲነሣ፣ የእኔም ቴፕ ከዓመታት በፊት ዝም ብሏል ብዬ ጻፍኩ። እሱ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ፣ ከካላማዳሪ፣ ቀጭን ላስቲክ ቆርጦ ላከልኝ። አገሬ የት እንደሆነ እንዳይታወቅብኝ ደጀን ሸክላ ጋ አስቀምጥልኝ አልኩት። እንግዲህ ላስቲኩ ከሞጣ ተነሥቶ፣ ብቸና ቤቴ ደጃፍ በአውቶቡስ አልፎ፣ ደጀን አድሮ በላክሁት የአውቶቡስ ረዳት እጅ ወደ እኔ ተመለሰ። ያን ጊዜ ከሞጣ መነሣቱን አላውቅም። እሱ በጽሑፍ እየመራኝ፣ እኔ በመቀስና በመርፌ እየታገልኩ ገጠምኩት። የኋላ ክዳኑ ብሎን ስለጠፋበት በቁስል ፕላስተር መስቀለኛ አድርጌ ለጠፍኩትና ፎቶ አንሥቼ ላክሁ። እስክሪብቶ፣ ይሄ ቴፕ ነው ወይስ ከጦር ሜዳ የመጣ አለ። ከዚያ ወዲያ ቴፔ ቁስለኛው ተባለ፤ ፕላስተሩ እንዳይታይብኝ ግን እንግዳ ሲመጣ ዳንቴሉን አለብሰው ነበር። ጠዋት ጠዋት ቁስለኛው እንዴት አደረ እያሉ ይጠይቁኛል፤ በልቷል፣ ትኩሳቱ ቀንሷል እላለሁ። ብቻዬን ቤት ውስጥ ስስቅ ጎረቤቴ እንግዳ ያለብኝ መስሏት ቤቴ ድረስ መጥታ ታውቃለች።

አሁን ስለ ልጄ ባል ልናገር። ስሙ ኤልያስ ነው፤ ሞጣ የውሃ ፓምፕ ቴክኒሺያን ሆኖ ተመድቦ ልጄን አገባ፤ ሩቅ አገር አደገ ከመባሉ በቀር ስለ ራሱ ጠይቄው አላውቅም። ስሙን እዚህ ጻፍኩት እንጂ በአፌ ጠርቼው አላውቅም ነበር። እናቴም ባለቤቴን ስሙን ሳትጠራው ነው የሞተችው። በእኛ አገር አማትና አማች እንደ ታቦት ነው የሚተያየው፤ ማለቴ አይተያይም። ሲገባ እነሣለሁ፣ ስነሣ ይነሣል። እርስዎ እለዋለሁ፣ እርስዎ ይለኛል። ማዕድ አቅርቤ ወደ ጓዳ እገባለሁ፤ እሱ ፊት አልበላም። ዓይኑን አይቼው ስለማላውቅ ያኔ የዓይኑ ቀለም ምን እንደሆነ ብትጠይቁኝ ልጄን ልጠይቅ እላችሁ ነበር። ይህን ሁሉ የማደርገው አክብሬው ነው። ጨዋ ሰው፣ ልጄን የሚያኖር ሰው ስለሆነ ከሌላ አማች አብልጬ አከብረው ነበር። ማክበሩን ባበዛሁት መጠን እሱ ወንበር ጫፍ ላይ እየተቀመጠ፣ ጉብኝቱን እያሳጠረ መጣ። ልጄን ለምን ቶሎ ትሄዳላችሁ ስላት ሥራ አለበት ትለኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ እስክሪብቶ ክስ አቀረበ። ተከሳሿ አማቱ ናቸው። ሴትዮዋ ቤት ዳንቴል የለበሰ የድሮ ቴፕ አለ፤ አይሰሙበት፣ አያሰሙበት፣ እንዳይነካ ይከለክላሉ፤ ይህ በካሴት ላይ የተፈጸመ ግፍ ነው አለ። ፊታቸው እንደተዘጋ ሱቅ ነው፤ ሲስቁ ያየ የለም፤ ምግብ ሰጥተውኝ ከአጠገቤ ይሸሻሉ፤ ስሜን እንኳ ጠርተው አያውቁም፤ ዕቃ የምሰርቅባቸው ሌባ ሳልመስላቸው አልቀርም አለ። እኔ ምን አደረግኩ? ሳቅኩ። ዳንቴል የለበሰ ቴፕ በየቤቱ አለ፤ የተኮሳተረች አማትም በየቤቱ አለች። ራሴን ደግሞ የማውቀው ተጫዋች ሴት አድርጌ ነው። እንዲያውም፣ ይህች ሴት ጎረቤቴ ብትሆን ልክ አስገባት ነበር ብዬ ድምፄን አውጥቼ ተናግሬአለሁ። ፍርድ ሰጠሁ፦ በሚቀጥለው ጉብኝት አማትየዋ ጓዳ ሲገቡ ከሳሹ ዳንቴሉን ገልጦ ቴፑን ያስጩኽ።

ያን ጊዜ እስክሪብቶ ቀልዱን ተወና እንዲህ ብሎ ጻፈ፦

«እሺ፣ አንድ የምር ነገር ልጠይቅ። እናንተ የአገሬው ሰዎች ናችሁ፤ እኔ አላውቅም። አማት ዓይንህን ካላየችህ፣ በስምህ ካልጠራችህ ጠልታህ ነው?»

ሌሎቹ የሚመልሰው ዳኛው ነው ብለው ጠበቁኝ። መልሱን ከእኔ አብልጦ የሚያውቅ በዚያ ግሩፕ ውስጥ አልነበረም። ጠልታህ ሳይሆን አክብራህ ነው፣ የአገሩ ወግ ነው ብሎ መጻፍ ምን ይከብዳል? ግን ሕዝቡ ሳቅ ይጠብቃል፤ ምላሴም አላስችል አለኝ።

«እስክሪብቶ ሆይ፣ አማትህ ዓይናቸውን መሬት ላይ የሚጥሉት የቀብርህን ቦታ እየመረጡ ስለሆነ ነው» አልኩ።

ግሩፑ ፈነዳ። ሸክላ ከወንበሬ ወደቅኩ አለ። እስክሪብቶም የሳቅ ምልክት አደረገ። ትንሽ ቆይቶ ግን ለብቻዬ አንዲት መልእክት ላከልኝ። ቀልዱ ቀልድ ነው ወንድሜ፣ ግን እኔ እናት የለኝም፣ ሳገባ እናት ያገኘሁ መስሎኝ ነበር ትላለች። ባትሪ ድንጋይ የሚያውቀው ማሳቅ ብቻ ነው፤ ማጽናናት የሲስተር ሙሉነሽ ሥራ ነበር። እኔም የሳቅ ምልክት ላክሁለት። ከዚያ ስልኬን አስቀምጬ ላስቲኩ የታደሰልኝን ቴፕ እየሰማሁ እራቴን በላሁ። ይህን ሳስብ ዛሬም ፊቴ ይነድዳል።

ፋሲካ ደረሰ። ቅዳም ሥዑር ዕለት ልጄና ባለቤቷ አክፋይ ይዘው ከሞጣ መጡ። በግ፣ ቅቤ፣ ትልቅ ድፎ፤ የአማች አክፋይ ወግ ሳይጎድል ይዞ መምጣቱ አስደሰተኝ፤ ደስታዬን ግን እንደ ወጉ መሬት እያየሁ ነው የገለጽኩት። ቄሱ ያደሉትን ቀጤማ ራሴ ላይ አስሬ፣ ጓዳ ገብቼ የዶሮውን ሽንኩርት መክተፍ ያዝኩ። ልጄ ግቢ ውስጥ በጉን ታስራለች። እሱ ብቻውን ሳሎን ነው። ስልኬ ጮኸ። እጄን በመቀነቴ ጠርጌ ከፈትኩት። እስክሪብቶ ነው። ከጠላት ምሽግ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፍላችሁ፣ ተከሳሿ ጓዳ ገብተዋል፣ እነሆ ማስረጃ ይላል። ከሥሩ ፎቶ አለ።

የራሴ መደርደሪያ ነው። የራሴ ዳንቴል፣ ጫፉ ላይ የሳትኩት ጥልፍ ሳይቀር። ከጎኑ የባለቤቴ ፎቶ አለ፤ ፎቶው ውስጥ ሆኖ የሚስቅብኝ መሰለኝ። መጀመሪያ ነገሩ አልገባኝም፤ እስክሪብቶ የእኔን ቤት ከየት አገኘው አልኩ። ቀስ ብሎ ገባኝ። ያ ፊቱ እንደተዘጋ ሱቅ የሆነ፣ ያ ከእንግዳው አጠገብ የሚሸሽ ሰው፣ ጎረቤቴ ብትሆን ልክ አስገባት ነበር ያልኳት ሴት፣ ሽንኩርት ይዛ የቆመችው እኔ ነኝ። እናት የለኝም ያለኝም በግድግዳ ማዶ የተቀመጠው የልጄ ባል ነው። ስልኬ ደጋግሞ ይጮኻል፤ ባትሪ ድንጋይ የት ሄደ፣ ዳኛው ፍርዱን ያስፈጽም ይላሉ። እነሱ በጻፉ ቁጥር ሳሎን ያለው ስልክም ሲጮኽ ይሰማኛል። አትንካው ብዬ እንዳልጽፍ ዘገየሁ፤ እንዳልጮኽ ማን ነኝ ብዬ? ልጄ ገብታ እንባዬን አየችና ሽንኩርቱን ልቀበልሽ አለችኝ።

ከሳሎን ዳንቴሉ ሲነሣ፣ ቴፑ መደርደሪያው ላይ ሲንፏቀቅ ሰማሁ። ፍርዱ ቴፑን ያስጩኽ ነበር የሚለው። አልጮኸም። ዝምታው ሲረዝም ውሃ የማቀርብ መስዬ ብርጭቆ ይዤ ገባሁ። ኤልያስ ቆሟል፤ በአንድ እጁ ዳንቴሉን ይዟል። ቴፑን ወደ ኋላ አዙሮታል። በመስቀለኛ የለጠፍኩት ፕላስተር ነጭ ሆኖ ይታያል። ያኔ ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔም አየሁት። ካገባ ጀምሮ ዓይን ለዓይን የተያየነው ያን ቀን ነው። ዓይኑ ቡናማ ነው፤ ያለ ልጄ ርዳታ አወቅሁት። ፊቱ ደም መሰለ፤ የእኔ ምን እንደመሰለ እግዜር ይወቀው።

«ይቅርታ እማማ፣ አቧራ ልጠርግለት ብዬ ነው» አለ።

«ይተዉት፤ ደግ ነው» አልኩ።

ውሃውን አስቀምጬ ወጣሁ። ዳንቴሉን መልሶ አለበሰው። ዶሮው በማግሥቱ ተበላ፤ እሱ ሳሎን፣ እኔ ጓዳ። ማክሰኞ ሄዱ። እስክሪብቶ ከዚያ ቀን ወዲያ አንድ ቃል አልጻፈም፤ እኔም አልጻፍኩም። ሸክላ፣ ሁለቱን ምን በላቸው፣ አማትየዋ ሁለቱንም ቀበሯቸው ወይ እያለ ቀለደ፤ መልስ ሲያጣ እሱም ተወው። ምን ብዬ ልጻፍ? ያን ሁሉ ጊዜ አንተ ሌባ፣ አንተ ቀላማጅ እያልኩ የሰደብኩት አማቼ ነው። ስለ ወንዶች ጉዳይ የተቀለደውንም ቀልድ ሁሉ አንብቤ አብሬ ስቄአለሁ። እሱም ይህን አሁን ያውቃል። ጸሎት ላይ ስቆም ትዝ ሲለኝ ነጠላዬን ተከናንቤ ወደ ግድግዳ እዞር ነበር። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ጊዜው ተበላሸ፤ ኔትወርኩ ጠፋ፣ መንገዱ ተዘጋ። ጎረቤቶቼ ኔትወርክ ጠፋ ብለው ሲያማርሩ እኔ በልቤ እሰይ አልኩ። ቀን ሲገፋ ግን ሌላ ነገር ያስጨንቀኝ ጀመር። ሀፍረቱ የእኔ ነው፤ እሱ ግን የቀብርህን ቦታ እየመረጡ ነው የሚለውን ቃል ከገዛ አማቱ አፍ እንደሰማ ሆኖ ቀረ። በቀልድ ስም የተናገረችው እውነቷን ነው ብሎ ቢያምንስ? አንድ ነገር ብሆን ወይም አንድ ነገር ቢሆን፣ እንደጠላሁት አውቆ ነው የምንለያየው። ይህ እንቅልፍ ነሣኝ።

መንገዱ ሲከፈት ልጄ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ መቃረቧን ሰማሁ። ልጅ ስትወልድ እናት መሄድ አለባት፤ እናትየው ነርስ ስትሆንማ። ቅቤውን፣ ገብሱን፣ በሶውን አሰናዳሁ። መጨረሻ ላይ ቴፑን ከነዳንቴሉ አነሣሁና በብርድ ልብስ ጠቀለልኩት። ሹፌሩ ያኔ ከዓባይ ማዶ እንዳመጣልኝ እኔም ጭኔ ላይ አስቀምጬ ሞጣ ድረስ ይዤው መጣሁ። የአውቶቡሱ ረዳት፣ እማማ፣ ምንድን ነው የያዙት ቢለኝ፣ ቁስለኛ ነው አልኩት። እዚህ ስደርስ ልጄን፣ ይሄን አስቀምጪው ብቻ አልኳት። ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። ኤልያስ ገብቶ ሲያየው ቆም አለ፤ እንኳን ደኅና መጡ አለኝ፤ ሌላ አልተናገረም። ልጁ ተወለደ፣ ገንፎው ተበላ፤ ቴፑ ግን ሳይነካ ከረመ። እኔና እሱም እንደ ድሮው ተነሡ ተቀመጡ ስንባባል ሰነበትን። ዛሬ ጠዋት ግን ጠረጴዛው ባዶ ነበር። ቀጥሎ የስፕሪቱ ሽታ መጣ።

ሕፃኑን አልጋው ላይ አስተኛሁና ስልኬን አወጣሁ። ግሩፑ አለ፤ ያ የመጨረሻ ፎቶ፣ የራሴ መደርደሪያ፣ ከነጥያቄዎቹ ተቀምጧል። በአፌ ልነግረው እንደማልችል አውቃለሁ፤ ወጉም ምላሴም አይፈቅዱልኝም። በመነጽሬ እያየሁ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«የዘገየ ፍርድ። ችሎቱ በእስክሪብቶና በአማቱ ጉዳይ የሰጠው ቃል ሐሰት ነበር። በእኛ አገር አማት አማቿን ዓይኑን የማታየው፣ በስሙም የማትጠራው ስለምታከብረው ነው። ይህን እያወቅኩ ለሳቅ ብዬ ሌላ ተናገርኩ። እናት አለህ። ዳኛዋ ይቅርታ ትጠይቃለች።»

ላክሁት። ከውስጠኛው ክፍል ስልክ ጮኸ። ጥጡን የሚያንቀሳቅሰው እጅ ቆመ፤ ገርበብ ባለው በር በኩል ጀርባው ይታየኛል። ሳልኩና ነጠላዬን አስተካከልኩ፤ ምናለ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ። ከእሱ በፊት ሸክላ ከደጀን ደረሰ፤ ይህን ሁሉ ጊዜ ስልኩን ይዞ የተቀመጠ ይመስል።

«ዳኛዋ? ባትሪ ድንጋይ፣ አንተ ሴት ነህ እንዴ?»

ከበሩ ወዲያ አንድ ሳቅ ፈነዳ። የልጄ ባል ሲስቅ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ እኔ ፊት ስቆ አያውቅማ። ድሬዳዋ የሚሰማ ሳቅ ነው። ሕፃኑ ነቃ። ሳቁ ወዲያው ተቋረጠ፤ መስማቴ ትዝ ብሎት መሆን አለበት። ከዚያ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣና ጋሽ ደምሴ፣ ነፍሳቸውን ይማረው፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ውድ ደንበኛዬ፣ ይህን ካሴት ጥራቱን ጠብቄ የቀዳሁልዎ እኔ ደምሴ ነኝ፣ እባክዎ ለሰው አያውሱ አሉ። ስልኬ ላይ አንድ መስመር ወጣ። እስክሪብቶ ነው፤ ፍርዱ ደርሶኛል ይላል፤ ሌላ የለውም።

ኤልያስ ቴፑን እያዘፈነ በሁለት እጁ ታቅፎ ወጣ። ፕላስተሩን አንሥቶ በብሎን አስሮታል። እኔ ዛሬ ወስኜ ነበር። ወጉ እንዳለ ይቅርና ቀና ብዬ ዓይኑን አየዋለሁ፣ በስሙ እጠራዋለሁ ብዬ ነበር። ቀና አልኩ። «ኤልያስ» አልኩት።

«አቤት እማማ» አለ።

አላየኝም። ቴፑን ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ ዳንቴሉን አጥፎ አጠገቡ አስቀመጠ፤ ከዚያ እንደ አገሬው ልጅ እጁን አጣምሮ፣ አንገቱን ሰብሮ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ቆመ። የቀብሬን ቦታ እየመረጡ ነው ወይ ልለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። ነከስኳት። ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩና እኔም መሬት መሬቱን ማየት ያዝኩ።